ሕፃን ሳለሁ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ዛሬም ያመልጠኛል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ዶክተር፣ 26 ዓመቴ ነው። ስወለድ የፊንጢጣ ቀዳዳ አልነበረኝም። እናቴ እንደምትለው ሰገራ የሚወጣው በብልቴ በኩል ነበር። ሆዴ ላይ ሰገራ የሚወጣበት ከረጢት ተደረገልኝ፣ በኋላ ፊንጢጣ ተሠራልኝ፣ ከዚያ ከረጢቱ ተነሳ። ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ ሐኪም አይቶኝ አያውቅም። አሁን የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሳላውቀው ሰገራ ያመልጠኛል። ቀጭን ነው። የተቅማጥ ማቆሚያ ከፋርማሲ እየገዛሁ እወስዳለሁ። ጠዋት ምንም አልቀምስም። ታክሲ ውስጥ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ቅያሪ አለ። በመጪው ዓመት ላገባ ነው። ይድናል? መውለድ እችላለሁ? ልጄስ እንደኔ ይሆናል? ለእጮኛዬ ልንገረው?»

እህቴ፣ ደግ አደረግሽ ጻፍሽልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይዘሽው ኖረሻል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው ያየሁበት። ሳይታዩ ሕመምን መወሰን አይቻልም። የጻፍሽው ግን ክሊኒክ ውስጥ ደጋግመን የምናየውን ነገር ይመስላል። እንደኔ ግምት አንጀትሽ ልቅ አይደለም፤ ሞልቷል። የሚያመልጥሽ ሆድሽ ስለደረቀ ነው።

ይህ ግራ እንደሚያጋባሽ አውቃለሁ። ቀጭን ነገር እየወጣ እንዴት ድርቀት ይባላል? ለመረዳት ከአፈጣጠርሽ መጀመር ይሻላል።

ፊንጢጣ ሳይከፈት የሚወለድ ሕፃን ከ5,000 አንድ ገደማ ነው። በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ያንቺ ነው፤ የአንጀቱ ጫፍ ቦታውን ስቶ በብልት መግቢያ ላይ ይከፈታል። ይህ የሚሆነው ፅንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ላይ እያለ ነው። እናትሽ የበላችው፣ የተሸከመችው ወይም የደነገጠችው ነገር አላመጣውም። ስንት እናት ይህን በሆዷ ይዛ እየተብሰለሰለች እንደምትኖር ስለማውቅ ነው የማነሳው። ዛሬ ማታ ንገሪያት።

ሰገራን ለመያዝ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የሚጨብጥ ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ስሜት ነው፤ የመጣው አየር ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ደረቅ ነው ብሎ የሚለየው የፊንጢጣ ውስጠኛ ቆዳ። ሦስተኛው የአንጀቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ሰገራን ጠብቆ አቆይቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጠቅልሎ ማስወጣት። ከረጢቱ ሳይነሳ በፊት የተሠራልሽ ቀዶ ጥገና አንጀቱን በጡንቻው መሀል ያስቀምጣል። ያን ስስ ቆዳና የአንጀቱን ምት ግን ማንም ሐኪም ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ሥራው በደንብ ተሠርቶም ፈሳሽ ነገር ሲመጣ ላይሰማሽ ይችላል። ጠጠር ያለው ሰገራ ግን አንጀቱንና ጡንቻውን ስለሚወጥር ይሰማሻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንጀቱ ከፍ ብሎ የቀረባቸው፣ ከባዱ ዓይነት ያለባቸው ልጆች ይበልጥ የሚቸገሩት በመያዝ ነው። እንዳንቺ ዝቅ ብሎ የተከፈተላቸው ደግሞ አብዛኞቹ መያዝ ይችላሉ፤ የሚያሰቃያቸው ድርቀት ነው። የታችኛው አንጀት ይሰንፋል። ሰገራ ይከማቻል። ሲከማች ይለጠጣል። ሲለጠጥ ይበልጥ ይሰንፋል። ይህ ከልጅነት ጀምሮ ሃያ ዓመት ሲሄድ ታችኛው አንጀት ሰፍቶ፣ ከብዶ፣ ሞልቶ ይቀመጣል። ከላይ የሚመጣው አዲስ ፈሳሽ ሰገራ በተከማቸው ጎንና ጎን ሾልኮ ይወርዳል። አንቺ ቀጭን ነው የምትይው እሱን ነው።

እና የተቅማጥ ማቆሚያው? በብዛት የሚሸጠው ሎፔራማይድ የሚባለው ነው፤ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ለሁለት ቀን ጋብ ያደርግልሻል፣ ክምችቱን ግን ይጨምራል፣ በሦስተኛው ቀን ብሶ ይመጣል። ጠዋት አለመብላትም ያው ነው። ውኃ መቀነስም ያው ነው። ራስሽን ለመጠበቅ ብለሽ ያደረግሻቸው ነገሮች ሁሉ ችግሩን ሲቀልቡት ኖረዋል። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ፤ ማንም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ተራ የሆድ ኤክስሬይ ይበቃል። ፊልሙ ብርሃን ላይ ሲሰቀል ባዶ አንጀት ውስጥ ያለው አየር ጥርት ያለ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሞላ አንጀት ግን ልክ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ነጠብጣብ ሆኖ፣ ከግራ ዳሌ ተነስቶ ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል። አንዳንዴ ከፊልሙም በፊት እጅ ይናገራል፤ በጀርባ ተኝተሽ በግራ በኩል ከእምብርት በታች ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ይገኛል። ብዙዎች «ይሄማ ድሮም አለ» ይላሉ።

ፊልሙ ንጹሕ ከሆነ ግምቴ ስህተት ነው ማለት ነው፤ ያኔ መንገዱ ሌላ ነው። አንጀታቸው በጣም የሚፈጥንባቸው፣ በተለይ በሕፃንነታቸው የታችኛው አንጀት የተቆረጠላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ያ አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት ራሱ ሊጠቅም ይችላል። ሳይታዩ መድኃኒት መጀመርም ማቆምም ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው። ድርቀት ላለበት የተቅማጥ ማቆሚያ፣ ለሚፈጥንበት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከተሰጠ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሞልቶ ከተገኘ ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተከማቸው መውጣት አለበት። ይህ ጤና ተቋም ውስጥ በኢነማ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል ፈሳሽ አስገብቶ በማጠብ፣ የሚሠራ ሲሆን ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። ክምችቱ ሳይወጣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጀመር ቁርጠት ያመጣል፤ አንዳንዱ ሰው «ሞክሬው አልተስማማኝም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ይመጣል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሰገራን ያለሰልሳል፣ እንደ ላክቱሎስ። ሌላው አንጀቱን ራሱን ይገፋል፣ እንደ ሴናና ቢሳኮዲል። ለተራ ድርቀት ማለስለሻው ይበቃል። እንዳንቺ ዓይነት አፈጣጠር ላለው ሰው ግን ማለስለሻ ብቻውን ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ቅድም እንዳልኩሽ ለስላሳው አይሰማሽም። የሚፈለገው የተጠቀለለ ግን ያልደረቀ ሰገራ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ባንቺ ሰዓት እንዲወጣ ነው። ስለዚህ የሚገፋው ዓይነት ከውኃ ጋር ከሚወፍር አሰር ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። መጠኑ ለሁሉም አንድ አይደለም። በኤክስሬይ እየታየ ይስተካከላል። ሲሻልሽ ደግሞ እንዳታቆሚው። የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይመለስም። ተሻለኝ ብሎ በወሩ የሚያቆም ሰው በሁለተኛው ወር እዚያው ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ጠዋት ብዪ። ይህን እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። ባዶ ሆድ ምግብ ሲገባ ትልቁ አንጀት መልእክት ደርሶት ይንቀሳቀሳል። ቡናም ይህንኑ ያግዛል። ቁርስ በልተሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ፣ መጣም አልመጣም፣ ሽንት ቤት ቁጭ በይ። ቁጢጥ የሚባልበት የኛ ሽንት ቤት ለዚህ ጥሩ ነው። መቀመጫ ያለው ከሆነ እግርሽ ሥር በርጩማ አድርጊ፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ቀጥ ይላል። ዋናው ነገር ታክሲ ከመያዝሽ በፊት ባዶ መሆንሽ ነው። ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን ክምችቱ ከወጣ በኋላና ከብዙ ውኃ ጋር። ወተት ለብዙ አዋቂ ሰው ሆድ አይስማማም፣ ራስሽን ታዘቢ። በርበሬና ሚጥሚጣን ሁሉም ሰው ይከለክልሻል። እኔ በጅምላ አልከለክልም፤ አንድ ሳምንት ቀንሰሽ ለውጥ ካላየሽ ብዪው። ኮሶና «ሆድ የሚያጥብ» የተባለ ዱቄት ግን በጭራሽ።

ጾመኛ ከሆንሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆዪ የአንጀትሽም ሰዓት አብሮ ይዞራል። ያኔ የሽንት ቤት ሰዓትሽን ከሰዓት ወይም ማታ ላይ፣ ቤት በምትሆኚበት ጊዜ አድርጊው፤ መድኃኒቱንም ከዚያ ጋር አስተካክዪ። ሕመምተኛ በጾም ጊዜ የሚፈቀድለት ነገር እንዳለ የነፍስ አባትሽ ይነግሩሻል። ዝርዝሩን ሳትናገሪ «ሐኪም ቁርስ አዞልኛል» ማለት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በቂ ካልሆነ ሁለተኛ ደረጃ አለ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ማታ ይመርጣል፣ ትልቁን አንጀት በኢነማ ማጠብ ነው። በደንብ የታጠበ አንጀት እንደገና እስኪሞላ 24 ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ ያ ጊዜ ላንቺ ነጻ ነው። የሚገባው ተራ ውኃ መሆን የለበትም። በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ያለው፣ ሳላይን የሚባለው ነው። በፋርማሲ የሚሸጠውን የፎስፌት ኢነማ ኩላሊትሽ ሳይታይ አትንኪው፤ ደከም ላለ ኩላሊት አደገኛ ነው። ከታች ማስገባት ለሚከብዳቸው፣ ትርፍ አንጀትን ከእምብርት ጋር አገናኝቶ ውኃውን ከላይ የሚያስገባ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ። ማሎን የተባለ፣ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ያስተዋወቀው። እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ ብዙም አይታይም።

ድጋሚ ኦፕራሲዮንስ? መውጫው ከጠበበ፣ ከጡንቻው መሀል ውጭ ተሰፍቶ ከሆነ ወይም የአንጀቱ ልባስ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ይታሰባል። ይህ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ግን አልመክርም። አንድ ጊዜ የተሰፋ ቦታ ሲደገም ጠባሳ ይበዛዋል።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልናገር። ይህ አፈጣጠር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ኩላሊት ወይም የሽንት መስመር ላይም ልዩነት አላቸው፤ አንድ ኩላሊት ብቻ መኖር፣ ሽንት ወደ ኋላ መመለስ፣ የመሳሰለው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ የህብለ ሰረሰሩ ታችኛ ጫፍ ተጣብቆ የቀረበት ነው። እነዚህ ነገሮች ሳያሙ ይኖራሉ። የኩላሊት አልትራሳውንድ፣ የደም ግፊትና የክሬያቲኒን ምርመራ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ቀላል ናቸው፣ ከማርገዝሽ በፊት ይሠሩልሽ። በቅርቡ የመጣ የወገብ ሕመም፣ የእግር መዛል፣ ወይም ሽንት ማምለጥ ካለሽ ግን አትቆዪ፤ ያ ኤምአርአይ፣ ማለትም ህብለ ሰረሰሩን በምስል የሚያሳይ ምርመራ፣ የሚፈልግ ነው።

መውለድ። ያንቺ ዓይነት አፈጣጠር ያላቸው ብዙ ሴቶች አርግዘው ወልደዋል። አስቀድሞ መታየት ያለበት የብልት መተላለፊያው ነው፤ ጥቂቶች ላይ መሀል ለመሀል የሚከፍል ግድግዳ ይገኛል። በቀላሉ ይነሳል። ሳይታወቅ ከቀረ ግን በሠርጉ ማግስት ሕመምና ድንጋጤ ይሆናል። ማህፀንም በአልትራሳውንድ ይታይ። ለማርገዝ ስታስቢ ፎሊክ አሲድ አስቀድመሽ ጀምሪ። አወላለድን በሚመለከት፣ በብልትና በፊንጢጣ መሀል ያለው ቦታሽ በቀዶ ጥገና የተሠራ ነው። በምጥ ቢቀደድ ዛሬ ያለሽን የመያዝ አቅም ልታጪ ትችያለሽ። ስለዚህ አብዛኞቻችን በቀዶ ጥገና መውለድን እንመክራለን። ይህን ለማህፀን ሐኪምሽ በመጀመሪያው ክትትል ላይ ተናገሪ። ምጥ ክፍል ገብተሽ ማስረዳት አይቻልም።

ልጅሽ እንዳንቺ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ያም ሆኖ አነስተኛ ነው፤ እንዲህ ዓይነት አፈጣጠር በአንድ ቤተሰብ ሲደገም እምብዛም አይታይም። ቤተሰብ ውስጥ ሌላ እንዲህ የተወለደ ሰው ካለ ወይም አንቺ ላይ የጣት፣ የጆሮ፣ የልብ ተጨማሪ ልዩነት ካለ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ለሐኪሙ ንገሪው። እንዲህ ሆኖ ቢወለድም ዛሬ የሚጠብቀው ያንቺን ዘመን አይመስልም።

እጮኛሽን በተመለከተ፣ ይህ ከሕክምና ይበልጥ የሕይወት ጥያቄ ነው፣ ግን ጠይቀሽኛልና ሐሳቤን ልስጥ። ንገሪው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቢሆን ይመረጣል። አብራችሁ በምትኖሩበት አንድ ክፍል ውስጥ ኢነማና የሽንት ቤት ሰዓት መደበቅ አይቻልም፤ መደበቁ ራሱ ከሕመሙ ይብሳል። ሁሉንም በአንድ ቀን መዘርገፍ ግን አያስፈልግም። «ስወለድ አንጀቴ ላይ ችግር ነበረብኝ፣ ተሠርቶልኛል፣ አሁንም ክትትል አለኝ» ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረውን ሲጠይቅ መልሺ። ከተቻለ ሕክምናውን ጀምረሽ ለውጥ ካየሽ በኋላ ቢሆን አነጋገርሽም ይቀልሻል። ለአማቶችሽ መናገር ግን ግዴታ የለብሽም። ያ የሁለታችሁ ገመና ነው።

ደብዳቤሽን የሚያነቡ ሌሎችም አሉና ለእነሱ በአጭሩ። ሂርሽፕሩንግ በሚባለው ሕመም፣ ማለትም የአንጀት ነርቭ ሳይፈጠር ቀርቶ በልጅነት የተሠራላችሁ፣ ድርቀቱም ማምለጡም በወጣትነት ጊዜ ብዙ ጊዜ እየተሻለ ይሄዳል። ግን ሆድ በድንገት ተነፍቶ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ተቅማጥ ከመጣ፣ አዋቂም ብትሆኑ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ይህ ሕመም ወንድምና እህት ላይ ሊደገም ይችላል፤ በአማካይ ከ100 ወደ 4 ገደማ ነው። ፊንጢጣቸው ሳይከፈት የተወለዱ ወንዶች ደግሞ የዘር ፍሬ በተደጋጋሚ ካበጠባቸው ወይም ዘር ወደ ውጭ ካልወጣ ከዚሁ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ይወቁ። የሽንትና የወንድ ብልት ሐኪም (ዩሮሎጂስት) ይያቸው።

እንግዲህ ወዴት ትሄጃለሽ? እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፍተት አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ቀዶ ጥገና አልቤርቶ ፔኛና ፒተር ደ ቭሪስ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀምረው በ1982 አሳተሙት። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት አሁን አርባዎቹ ውስጥ ናቸው። ስለ አዋቂ ሕይወታቸው ያለው እውቀት በዓለምም ገና እየተሰበሰበ ነው። የአዋቂ ቀዶ ሐኪም እንዳንቺ ያለ ሰው እምብዛም አያይም። የሕፃናቱ ሐኪም በደንብ ያውቀዋል፣ ግን አንቺ ሕፃን አይደለሽም። በዚህ መሀል ሰው ይጠፋል። ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ልጆቹን አድነን፣ ከረጢቱን አንስተን፣ «ደህና ሁኑ» ብለን እንልካቸዋለን።

ያም ሆኖ መንገድ አለ። ከቅርብሽ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፊና የሕፃናት ቀዶ ጥገና ያለበት ሆስፒታል ሂጂ። ጥቁር አንበሳ ከመሥሪያ ቤትሽ በእግር የሚደረስ ነው። ካርድ ክፍል ላይ ዕድሜሽን አይተው ወደ አዋቂ ቢመልሱሽ አትናደጂ። «የተወለድኩት በዚህ ችግር ነው፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም እንዲያማክረኝ ነው የመጣሁት» በይ። አዋቂ ክፍል የሚያይሽ ሐኪምም ቢሆን ስልክ ደውሎ ሊያማክራቸው ይችላል።

የድሮ ካርድሽ ካልተገኘ እናትሽ ካርድሽ ናት። ከረጢቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ስንት ጊዜ ኦፕራሲዮን እንደሆንሽ፣ በኋላ መውጫውን በብረት የማስፋት ሥራ ተሠርቶ እንደነበር፣ ሽንትሽ ታክሞ እንደሆነ ጠይቂያትና ወረቀት ላይ ጻፊው። የሁለት ሳምንት ማስታወሻም ያዢ፤ ምን ሰዓት በላሽ፣ ምን ሰዓት ወጣ፣ መቼ አመለጠ።

ለምርመራ ስትሄጂ እርግዝና ሊኖር ከቻለ ከኤክስሬዩ በፊት ተናገሪ። ማልደሽ ተነስተሽ ራስሽን አታጥቢ፣ የሚያስቀምጥ ነገርም አትዋጪ። ሐኪሙ ማየት ያለበት አንጀትሽን በአዘቦት ቀን እንዳለ ነው።